ሉፕ ለማስገባት የወር አበባ መጠበቅ ግዴታ ነው? (ሀዋሳ)

ጥቁር ውሃ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለቤቱ። እዚህ ሀዋሳ ሉፕ (ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠውን የእርግዝና መከላከያ) ልታስገባ የሄደች ሴት ዛሬም «የወር አበባሽ ሲመጣ ነይ» ተብላ የምትመለስበት ጊዜ አለ። የሦስት ወር መርፌ ላይ የቆየች ሴት ወራት ሙሉ ደም ላታይ ትችላለች። የምታጠባም እንደዚያው። ታዲያ የትኛውን የወር አበባ ነው የምትጠብቀው? ኢንዱስትሪ ፓርክ ለምትሠራ ልጅ ደግሞ ሁለቴ መመላለስ ማለት ሁለቴ ፈቃድ መለመን ነው።

ሥራውን የምታውቁ በዝርዝር ጻፉ። መቼ ይገባል፣ እንዴት ይገባል፣ የቱ ጋ ይበላሻል፣ ከገባ በኋላ የተለመደው ምንድን ነው፣ ያልተለመደውስ? «የጎረቤቴ እህት እንዲህ ሆነች» የሚለውን ለቡና ሰዓት እናቆየው።

ሲስተር ነጭ ጫማ | ሰኞ፣ 2፡55

ግዴታ አይደለም። በዑደቱ በየትኛውም ቀን ይገባል፤ የሚፈለገው እርግዝና እንደሌለ መረጋገጡ ብቻ ነው። ደም ካየችበት የመጀመሪያ ቀን ተቆጥሮ 12 ቀን ካላለፈ በዚህ በኩል ሌላ ማጣሪያ አያስፈልግም። ካለፈ በጥያቄ ይጣራል።

ጥያቄዎቹ ስድስት ናቸው። ከወለደች 6 ወር ያልሞላት፣ ጡት ብቻ የምታጠባ፣ የወር አበባዋም ያልተመለሰ ናት? ካለፈው የወር አበባዋ ወይም ከወሊዷ ወዲህ ግንኙነት አላደረገችም? ከወለደች 4 ሳምንት አልሞላትም? የወር አበባዋ የጀመረው በእነዚህ 12 ቀናት ውስጥ ነው? በእነዚሁ 12 ቀናት ውስጥ ፅንስ ወርዶባታል ወይም ተቋርጦላታል? አስተማማኝ መከላከያ ሳታዛንፍ ስትጠቀም ቆይታለች? ከስድስቱ አንዱን «አዎ» ካለች፣ የእርግዝና ምልክትም ከሌላት፣ እርጉዝ አይደለችም ተብሎ ይሠራል። የሽንት ምርመራ እንኳ የግድ አይደለም።

ዲፖ (የሦስት ወር መርፌ) ላይ ያለችው በስድስተኛው ጥያቄ ታልፋለች። የመርፌዋ ጊዜ ካላለፈ ዛሬውኑ ይገባላታል። የምታጠባዋም የመጀመሪያውን ጥያቄ ካሟላች በእሱ ታልፋለች። ሁለቱንም «ደም ስታዪ ነይ» ብሎ መመለስ ለእርግዝና ማጋለጥ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። ሦስተኛው ጥያቄ እርግዝና አለመኖሩን ብቻ ነው የሚነግረን። ከወሊድ በኋላ ሉፕ የሚገባው በ48 ሰዓት ውስጥ ነው፤ ያ ካለፈ 4 ሳምንት መሙላት አለበት። በመሃሉ አይገባም።

ዳቶ በር | ሰኞ፣ 3፡20

ሲስተር፣ ልክ ነሽ፤ ደንቡ ግን ከሜዳ አልመጣም። በወር አበባ ወቅት ሲገባ እርግዝና እንደሌለ ያለ ብዙ ጥያቄ ይታወቃል፣ ከገባ በኋላ የሚታየው ትንሽ ደምም ሴትየዋን አያስደነግጣትም። ስድስቱንም «አይ» ብላ የመለሰችውንስ ምን ታደርጊያታለሽ? ከሁለት ሳምንት በፊት ያለ መከላከያ ግንኙነት ያደረገች ሴት ዛሬ ሽንቷ ኔጌቲቭ ቢል ምንም ማለት አይደለም። ምርመራው የሚታመነው የወር አበባዋ መምጫ ቀን ካለፈ በኋላ ነው። እርጉዝ ማህፀን ውስጥ ሉፕ መክተት ውርጃና ኢንፌክሽን መጥራት ነው። እሷን ቀጥሮ መመለስ ስንፍና አይባልም።

ሲስተር ነጭ ጫማ | ሰኞ፣ 3፡41

መመለሱን አልተቃወምኩም፤ ባዶ እጇን መመለሱን ነው። ኮንዶም ወይም እንክብል ይዛ ትሂድ፣ የቀጠሮ ቀንም ይጻፍላት።

ደግሞም ጊዜው ሁለት ሳምንት ሳይሆን 5 ቀን ያልሞላው ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። ኮፐር ቲ፣ ማለትም የመዳቡ ሉፕ፣ ራሱ የድንገተኛ መከላከያ ነው። ያለ መከላከያ ግንኙነት ከተደረገ በ5 ቀን ውስጥ ከገባ ከፖስት ፒል የበለጠ አስተማማኝ ነው፣ ከዚያም እዚያው ሆኖ ለዓመታት ይቀጥላል። ስለዚህ «ከትናንት ወዲያ ግንኙነት ስለነበረሽ ዛሬ አይሆንም» የሚለው መልስ ሉፑ በጣም የሚጠቅማትን ሴት ነው የሚመልሰው። በዚያው ዑደት ቀደም ያለ ሌላ ግንኙነት እንደነበር ግን መጠየቅ አለበት።

ዳቶ በር | ሰኞ፣ 3፡44

እሱን ተቀብያለሁ።

ታቦር ስር | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡30

አገባቡን እኔ ልጻፍ። ረዘም ይላል።

መጀመሪያ ዕቃው። ኮፐር ቲ 380ኤ የፕላስቲክ ቲ ነው፤ ቁመቱ 36፣ ወርዱ 32 ሚሊሜትር። ግንዱ ላይ የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሟል፣ ሁለቱ ክንዶች ላይ አንዳንድ የመዳብ ቀለበት አለ። 380 የሚለው ቁጥር የመዳቡ ገጽ ስፋት ነው፣ በካሬ ሚሊሜትር። ፕላስቲኩ ውስጥ ባሪየም ሰልፌት ስላለ በራጅ ይታያል። ከግንዱ ጫፍ ሁለት ክር ይወርዳል። ማሸጊያው ውስጥ አብረውት ማስገቢያ ቱቦ፣ ነጭ ዘንግና ቱቦው ላይ የሚንሸራተት ሰማያዊ ምልክት አሉ። ያ ሰማያዊ ነገር ጌጥ አይደለም፣ ጥልቀት መለኪያ ነው። መዳቡ የወንዱን ዘር ያሽመደምደዋል፤ ዘርና እንቁላል ሳይገናኙ ነው ሥራው የሚያልቀው። «ፅንስ ይገድላል» የሚለው ወሬ እዚህ ጋ ይቁም።

አሁን ሥራው። ሴትየዋ ሽንቷን ሸንታ ትተኛለች። ባለሙያው በስፔኩለም (በብልት መክፈቻ መሣሪያ) ከፍቶ የማህፀን በሩን ያያል፤ መግል የሚመስል ፈሳሽ ካለ ወይም ሲነካ ከደማ እዚያው ይቆማል፣ ሕክምናው ይቀድማል። ቀጥሎ በሁለት እጅ ምርመራ፦ ሁለት ጣት ከውስጥ፣ ሌላው እጅ ከሆድ በላይ። የሚፈለገው የማህፀኑ መጠንና አቅጣጫ ነው። ማህፀን ወደ ፊት ያዘነበለ ወይም ወደ ኋላ የተጋደመ ሊሆን ይችላል። አቅጣጫውን ሳያውቅ ዘንግ የሚከት ሰው ግድግዳ ይበሳል። መብሳት የሚደርሰው ከ1000 አንድ ወይም ሁለቷ ላይ ነው፤ በምታጠባ ሴት ላይ ከፍ ይላል፣ ማህፀኑ ለስላሳ ነውና። ይህን ምርመራ «ጊዜ የለኝም» ብሎ የዘለለ ባለሙያ ካለ ሴትየዋ ተነስታ ብትሄድ አልፈርድባትም።

ከዚያ የማህፀን በሩ በአዮዲን ይጠረጋል። አዮዲኑ እስኪሠራ አንድ ሁለት ደቂቃ ይጠበቃል፤ ብዙ እጅ እዚህ ይቸኩላል። ቴናኩለም የሚባለው ባለ ጥርስ ረጅም መቆንጠጫ የማህፀን በሩን የላይኛ ከንፈር በሰዓት ቆጣሪ 10 እና 2 ላይ ይይዛል፣ ቀስ ብሎ ወደ ባለሙያው ይሳባል። ስበቱ የማህፀን በሩንና የማህፀኑን መታጠፊያ ቀጥ ለማድረግ ነው። ቀጥሎ ሳውንድ፣ ሴንቲሜትር የተቀረጸበት ቀጭን ዘንግ፣ ቀለል ያለ መቋቋም እስኪሰማ ይገባል። ከ6 እስከ 9 ሴንቲሜትር ከሆነ ደህና። ከ6 በታች ከሆነ አይገባም፤ ሉፑ ቦታ ስለሚጠበው ይወጣል። ከ10 ካለፈ ቁም! ወይ እርግዝና፣ ወይ እጢ፣ ወይ ዘንጉ ግድግዳ አልፏል።

የሚቀጥለው የእጅ ጥበብ ነው። ሉፑ ቱቦው ውስጥ የሚገባው ማሸጊያው ሙሉ በሙሉ ሳይከፈት፣ በላስቲኩ ላይ ነው፤ የንጽሕና ጓንት ባይኖርም እንኳ ሉፑ በእጅ አይነካም። ማሸጊያው ከታች በኩል እስከ ሲሶው ብቻ ይከፈታል፣ ነጩ ዘንግ ቱቦው ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት ክንዶቹ ወደ ግንዱ ይታጠፋሉ፣ ቱቦው ጫፋቸውን ይውጣል። ክንዶቹ ታጥፈው ከ5 ደቂቃ በላይ መቆየት የለባቸውም። ከቆዩ ፕላስቲኩ መታጠፉን «ይለምደዋል»፣ ማህፀን ውስጥ በደንብ አይዘረጋም። ስለዚህ ሴትየዋ ከመመርመሯ በፊት አዘጋጅቶ ማስቀመጥ ስህተት ነው። ሰማያዊው ምልክት ሳውንዱ ባሳየው ቁጥር ላይ ይደረጋል፤ የምልክቱ ረጅም ጎን ከክንዶቹ ጋር በአንድ አቅጣጫ ይሁን፣ አለበለዚያ ቲው ጎኑን ዞሮ ይዘረጋል።

ቱቦው ምልክቱ የማህፀን በሩን እስኪነካ ይገባል። እዚህ ላይ ነው ትልቁ ስህተት፦ ዘንጉን መግፋት። አይገፋም! ዘንጉ ባለበት ተይዞ ቱቦው 1 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ኋላ ይሳባል፤ ክንዶቹ በራሳቸው ይዘረጋሉ። መግፋት መብሳት ነው። ከዚያ ቱቦው ቀስ ብሎ ትንሽ ወደ ላይ ይጠጋል፣ ሉፑ የማህፀኑ ጣሪያ ላይ እንዲቀመጥ። ሲወጣ ዘንጉ ይቀድማል፣ ቱቦው ይከተላል። ሁለቱን አንድ ላይ የመዘዘ ሰው ክሩን በመሃላቸው ቆንጥጦ ሉፑን ወደ ታች ይጎትታል፣ ሳምንት ሳይሞላው «ወጣብኝ» ትለዋለች። ክሩ 3 ወይም 4 ሴንቲሜትር ተትቶ ይቆረጣል። ቴናኩለሙ የነከሰበት ከደማ በጎዝ ጨርቅ ተጭኖ ይያዛል። ሳይቸኩሉ፣ እስከ መጨረሻው 10 ደቂቃ ያህል ነው።

ሐይቅ ዳር | ማክሰኞ፣ 2፡15

እግዜር ይስጥልን። ያማል? እውነቱን።

ፋርማሲ ጥግ | ማክሰኞ፣ 2፡48

ሦስት ጊዜ ይሰማል፦ ቴናኩለሙ ሲነክስ እንደ ቁንጥጫ፣ ሳውንዱ ጣሪያ ሲነካ ጠንከር ያለ ቁርጠት፣ ሉፑ ሲዘረጋ አንዴ እንደገና። ያልወለደች ሴት ላይ ይብሳል። ያልወለደች አይገባላትም ማለት ግን አይደለም፤ ይገባላታል።

አይቡፕሮፌን 400 ሚሊግራም ከግማሽ ሰዓት በፊት የሚሰጠው የተለመደ ነው። ልክ ሲገባ ያለውን ሕመም ብዙ አይቀንስም፤ ጥቅሙ በኋላ ለሚመጣው ቁርጠት ነው። ሲገባ ለሚሰማው የሚሻለው ሊዶኬይን ነው፣ በማህፀን በሩ ዙሪያ በመርፌ ወይም በቅባት መልክ። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል (ሲዲሲ)ም በ2024 እ.ኤ.አ. ባደሰው መመሪያ ሊዶኬይንን ለሕመም ማስታገሻ አንስቷል። ከሄዳችሁበት ቦታ «ማደንዘዣ ይኖራችኋል?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ሌላው፣ ምግብ። ባዶ ሆድ አይኬድም። የማህፀን በር ሲነካ የልብ ምት ዝቅ ብሎ ራስ የሚያዞራቸው፣ የሚያልባቸውና የሚያቅለሸልሻቸው ሴቶች አሉ፤ በጾም ቀን እስከ 9 ሰዓት ሳይቀመስ ከተመጣ ይህ ይብሳል፣ አይቡፕሮፌኑም ጨጓራ ይልጣል። ከጾም ውጭ ያለ ቀን ይመረጥ፣ ካልሆነም ለባለሙያዋ ይነገራት። ካዞራት እግሯ ከፍ ተደርጎ ትተኛለች፣ ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ይለቃታል። ወዲያው ብድግ ብሎ ባጃጅ ላይ መውጣት አይሆንም፣ ትንሽ ትረፍ።

ጥቁር ውሃ | ማክሰኞ፣ 3፡05

ማሸጊያው ውስጥ መዳቡ ጠቁሮ የታየበት ጊዜ አለ። ዝጎ ነው? ይጣል?

ፋርማሲ ጥግ | ማክሰኞ፣ 3፡22

አይጣልም። መዳብ አየር ሲያገኘው ይጠቁራል፤ ንጽሕናውንም ሥራውንም አይነካም። የሚታየው ማሸጊያው ነው፦ ካልተቀደደ፣ ካልተበሳ፣ ጊዜው ካላለፈ ይገባል።

ማሸጊያው ላይ ያለው ቀን ደግሞ የንጽሕናው ቀን ነው፣ የሉፑ ዕድሜ አይደለም። ነገ ጊዜው የሚያልፍበት ሉፕ ዛሬ ቢገባ ሙሉ ዕድሜውን ይሠራል። ቀኑ የተጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑንም አትርሱ።

ሲስተር ነጭ ጫማ | ማክሰኞ፣ 3፡40

የቀን ነገር ከተነሳ፣ ካርዱን ተመልከቱ። በካርዱ ላይ «2017» ተብሎ ዓ.ም. ሳይባል ከተጻፈ ሌላ ቦታ የሚያይ ባለሙያ በፈረንጅ ሊያነበው ይችላል። ሰባት ስምንት ዓመት ልዩነት ነው። ጊዜው ያላለፈውን «አልፏል» ብሎ ያወጣዋል። በተቃራኒው ከሆነ ደግሞ ጊዜው ያለፈውን ይተወዋል። «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ይጻፍበት፣ ከአጠገቡ የሉፑ ዓይነትና የሳውንዱ ቁጥር። ካርዱን ፎቶ አንሥቶ ስልክ ላይ ማስቀመጥ ከሁሉም ይሻላል፤ ወረቀት ቤት ሲቀየር ይጠፋል።

ዳቶ በር | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡10

የደሙን ነገር ማንም አላነሳውም፤ ሴቶች የሚያስወጡት ግን በእሱ ነው። ኮፐር ቲ ሆርሞን ስለሌለው ዑደቱን አያቆምም። ደሙን ያበዛል፣ ቀኑን ያስረዝማል፣ ቁርጠቱንም ይጨምራል፤ በተለይ ከ3 እስከ 6 ወር። አብዛኛው ከዚያ በኋላ ይረጋጋል።

ይህ አስቀድሞ ካልተነገራት ጥፋቱ የመካሪው ነው። 4 ቀን ይፈስሳት የነበረው 7 ቀን ሲሆንባት የፓድ ወጪው ይጨምራል። ከሁሉም በላይ ቤተ ክርስቲያን የምትስም ሴት ከደጅ የምትቀርበት ቀን ይበዛል፤ ሙስሊሟም ጠብታው ሲቆራረጥ የቱን ቀን እንደምትሰግድ ግራ ይገባታል። በየክፍሉ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ሥዕል ይህን አይናገርም። ሙስሊሟ ሼኳን አስቀድማ ትጠይቅ፣ ክርስቲያኗም ንስሐ አባቷን። ነገሩ ለሕይወቷ ከባድ ከሆነ ሌላ ዘዴ ትምረጥ። ቀድሞም ደሟ ብዙ የሆነ ወይም የደም ማነስ ያለባት ሴት ኮፐር ቲ የመጀመሪያ ምርጫዋ ባይሆን ይሻላል።

ፋርማሲ ጥግ | ማክሰኞ፣ 7፡35

መድኃኒቱን ልጨምር። ለበዛ ደም ትራኔክሳሚክ አሲድ 1500 ሚሊግራም በቀን 3 ጊዜ ለ3 ቀን፣ ከዚያ 1000 ሚሊግራም በቀን አንዴ ለ2 ቀን። ወይም አይቡፕሮፌን 400 ሚሊግራም በቀን 2 ጊዜ ከምግብ በኋላ ለ5 ቀን፣ ደሙ ከጀመረ ጀምሮ። የጨጓራ ቁስል ያለባት አይቡፕሮፌኑን ትተው፤ ደም በደም ሥር ረግቶባት የሚያውቅ ደግሞ ትራኔክሳሚኩን። ሁለቱም በሐኪም ትእዛዝ። አይረን እንክብሉ ሳይረሳ፤ ከሻይና ከቡና ጋር አይዋጥም፣ አያልፍምና።

ሆርሞን ያለው ሉፕም አለ፣ ሊቮኖርጀስትሬል 52 ሚሊግራም የያዘው። እሱ ደሙን ይቀንሳል፣ ለአንዳንዷም ያጠፋዋል። እንደ ኮፐር ቲ በየቦታው አይገኝም።

ሐይቅ ዳር | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡20

ክሩ ባልን ይወጋል ይባላል። እና ክሩን መንካት ግዴታ ነው?

ታቦር ስር | ማክሰኞ፣ 1፡52

የሚወጋው አጥሮ የተቆረጠ ክር ነው። ሰው ግን «ረዝሞ ነው» ይልና ይበልጥ ያስቆርጠዋል፣ ይብሳል። የአንድ ሴንቲሜትር ክር እንደ ሽቦ ቆሞ ይጠብቃል፤ የ3 ሴንቲሜትሩ በሳምንታት ለስልሶ ከማህፀን በሩ ጀርባ ይጠቀለላል። ባልየው ካማረረ ክሩን ወደ ጎን ማጠፍ ይቻላል። ጨርሶ እስከ ማህፀን በሩ ቆርጦ ማስገባትም ይቻላል፣ ግን በኋላ ማውጣቱ ይከብዳል፣ ካርዱ ላይም ይጻፍ።

መንካቱ ግዴታ አይደለም። ማወቅ የምትፈልግ ከወር አበባዋ በኋላ እጇን ታጥባ፣ ቁጢጥ ብላ፣ መሃል ጣቷን ታስገባለች። ጫፉ ላይ የአፍንጫ ጫፍ የሚመስል ጠጠር ያለ ነገር ታገኛለች፣ እሱ የማህፀን በሩ ነው። ከእሱ የሚወርደው ክር ደግሞ አሞራ ገደል ዓሣ አጥማጆች የሚጠቀሙበትን ናይለን ይመስላል። ክሩን አትጎትተው። ከክሩ ሌላ እንደ ክብሪት እንጨት ጫፍ ጠንካራ ነገር ከተሰማት ሉፑ እየወጣ ነው፤ ኮንዶም እየተጠቀመች ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ።

ሉፕ ራሱን የሚያወጣው በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ ከደም ጋር ነው። ስለዚህ እነዚያን ወራት ፓዱ ከመጣሉ በፊት ይታይ። ከባድ ዕቃ ማንሳት፣ እንስራ መሸከም፣ ልብስ ማጠብ አያወጣውም። ወደ ልብም አይሄድም።

ጥቁር ውሃ | ማክሰኞ፣ 2፡01

ክሩ ከጠፋስ?

ሲስተር ነጭ ጫማ | ማክሰኞ፣ 2፡30

(ክር በክር ላይ ሆነብን።)

ቅደም ተከተሉ አይለወጥ። አንደኛ የእርግዝና ምርመራ። እርግዝና ከሌለ በስፔኩለም ታይቶ በማህፀን በሩ ቦይ ውስጥ በቀጭን ብሩሽ ይፈለጋል፤ ብዙ ጊዜ ተጠቅልሎ እዚያ ይገኛል። ካልተገኘ አልትራሳውንድ። ማህፀኑ ውስጥ ከታየ ችግር የለም፣ ሥራውን ይቀጥላል። ካልታየ «ወጥቷል» ብሎ መደምደም አይቻልም፤ የሆድ ራጅ ይነሳል። ታቦር ስር ያነሳው ባሪየም የሚጠቅመው እዚህ ነው፣ ሆድ ዕቃ ውስጥ ካለ ነጭ ሆኖ ይታያል። ራጁ ላይም ከሌለ፣ ወጥቷል። እስኪታወቅ ድረስ ኮንዶም።

እርግዝና ካለ ነገሩ ሌላ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከ100 ሴቶች አንድ የማይሞሉት ናቸው ሉፕ ላይ እያሉ የሚያረግዙት። ካረገዙት መካከል ግን ከ100ው 6 እስከ 8 ያህሉ ከማህፀን ውጭ ሊሆን ይችላል። በአንድ ጎን የሚቆርጥ ሕመም፣ ራስን መሳት፣ ትከሻ ላይ የሚሰማ ሕመም ካለ በሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል። እርግዝናው ማህፀን ውስጥ ከሆነና ክሩ ከታየ ሉፑ ቶሎ ይወጣል፤ ቢተው የመውረድና የኢንፌክሽን ዕድሉ ይበዛል።

ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ ግንኙነት ሲደረግ የታችኛው ሆድ ሕመም፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ 20 ቀናት፣ ሳይውል ሳያድር ይታይ። ለኢንፌክሽን ሲባል ሉፑ ወዲያው ይውጣ ማለት ግን አይደለም፤ አንቲባዮቲክ ተጀምሮ ካልተሻላት ይወጣል።

ታቦር ስር | ማክሰኞ፣ 2፡58

ጨርሶ የማይገባላቸውንም እናስቀምጥ፦ እርጉዝ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የማህፀን ደም ያለባት፣ አሁን የማህፀን ኢንፌክሽን ወይም ጨብጥ ወይም ክላሚዲያ ያለባት፣ የማህፀን በር ካንሰር ሕክምና የምትጠብቅ፣ እጢ የማህፀኗን ክፍተት ያጣመመባት፣ የማህፀን ቲቢ ያለባት። ኤችአይቪ በደሟ ያለባት ሴት መድኃኒቷን እየወሰደች ደህና ከሆነች ይገባላታል። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ማጥባት አይከለክሉም፤ ሆርሞን የማይስማማት ሴት መጠጊያዋ ይኸው ነው። ከአባላዘር በሽታ ግን አይከላከልም።

ዳቶ በር | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡20

የወሊዱን ሲስተር በአንድ መስመር አለፈችው። የእንግዴ ልጁ ከወጣ በ10 ደቂቃ ውስጥ ማስገባት ከሁሉም ይመቻል፤ የማህፀን በሩ ክፍት ነው፣ ሴትየዋም እዚያው ናት። ቱቦው አይደርስምና በረጅም ፎርሴፕስ (መቆንጠጫ) ይዞ እስከ ጣሪያው ድረስ ማድረስ ነው፤ ሌላው እጅ ከሆድ በላይ ጣሪያውን ይይዛል። በኦፕራሲዮን ከወለደችም ከመሰፋቱ በፊት በዚያው ይገባል። ጉዳቱ፣ በኋላ ከሚገባው ይልቅ ራሱን የማውጣት ዕድሉ ከፍ ይላል። ክሩም ማህፀኑ ሲሰበሰብ በሳምንታት ውስጥ ይወርዳል፣ በ6ኛው ሳምንት ቀጠሮ ላይ ክሩ ያጥራል። ምክሩ በእርግዝና ክትትል ይሰጥ፤ ምጥ ላይ ያለችን ሴት «ሉፕ ላስገባልሽ?» ብሎ ማስፈረም ፈቃድ አይባልም።

ሐይቅ ዳር | ረቡዕ፣ 2፡44

10 ዓመት ነው 12? ሲወጣስ የባል ፊርማ ይጠይቃሉ?

ሲስተር ነጭ ጫማ | ረቡዕ፣ 3፡15

ማሸጊያው 10 ይላል፤ 12 ዓመት እንደሚሠራ ተረጋግጧል። 40 ዓመት ከሞላት በኋላ የገባላት እስከ ማረጥ ልታቆየው ትችላለች።

ፊርማ አያስፈልግም፤ ለማስገባትም፣ ለማስወጣትም። ምክንያት መናገርም የለባትም፤ «ይውጣልኝ» ካለች ይወጣል። «ገና ዓመት አልሞላሽም፣ ታገሺው» ብሎ መመለስ አይቻልም። አወጣጡ አጭር ነው፦ ክሩ በፎርሴፕስ ተይዞ በዝግታ ወደ ታች ይሳባል፣ ክንዶቹ ወደ ላይ ታጥፈው ይመጣሉ። እምቢ ካለ አይታገሉትም፣ ሆስፒታል ይላካል። እርግዝና ወዲያውኑ ሊመጣ ይችላል፤ እንደ ዲፖ ወራት አያስጠብቅም። ማርገዝ የማትፈልግ ከሆነ አዲሱ በዚያው አልጋ ላይ ይተካላታል። ቤት ውስጥ በራስ እጅ መጎተት ይቅር።

ጥቁር ውሃ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡05

የመጨረሻ ጥያቄ። ቦታ ሲመረጥ ምን ይጠየቅ? በመንግሥት ጤና ጣቢያ ነጻ መሆኑን አውቃለሁ።

ታቦር ስር | ረቡዕ፣ 1፡33

ነጻ ነው፣ አዎ፤ ሉፑም አገልግሎቱም። የግል ክሊኒክ ያስከፍላል፣ ዋጋው ይለያያል።

ሉፕ እንደ መርፌ በየቀኑ የሚሠራ አይደለም። በ2016ቱ እ.ኤ.አ. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ትዳር ላይ ካሉ ሴቶች መርፌ ይጠቀሙ የነበሩት 23 ከመቶ፣ ሉፕ 2 ከመቶ ነበሩ። የሚያስገባው እጅ ካልተለማመደ ይቸኩላል ወይም ይፈራል፣ «የወር አበባሽ ሲመጣ ነይ» የሚለውም አንዳንዴ ከዚሁ ፍርሃት ነው። ስለዚህ ከመሄዷ በፊት ደውላ ወይም በጤና ኤክስቴንሽኗ በኩል ታጣራ፦ ሉፕ የሠለጠነው ባለሙያ በየትኞቹ ቀናት ነው የሚገኘው? በሳምንት ስንት ያህል ያስገባል? ዕቃው የሚቀቀልበት ወይም የሚታፈንበት መሣሪያ ዛሬ ይሠራል? መብራት ቢጠፋ የግንባር ባትሪ አላቸው? (በስልክ መብራት የማህፀን በር ላይ ቴናኩለም አይያዝም።)

ሲስተር ነጭ ጫማ | ረቡዕ፣ 1፡47

ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ብትደርስ ይሻላል፣ ክፍሉ ሳይጨናነቅ። ቁርሷን በልታ፣ ሰፋ ያለ ቀሚስ ለብሳ፣ ፓድና የዲፖ ካርዷን ይዛ። ካርዱ መጨረሻ የተወጋችበትን ቀን ይናገርላታልና «ደም ስታዪ ነይ» ላላት ባለሙያ ከቃሏ ይልቅ ካርዱን ታሳየው።